የምርምር ረዳትነት ጠይቄ ብርድ ልብስ ስለመቀበሌ

ጥር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር ዶክተር ሩፋኤል
የባሮ ዳር ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ዲን
ጋምቤላ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣም እንደምን ከረማችሁ እላለሁ። የወንዙ ዳር አሸዋ በባዶ እግር በማይረገጥበት በዚህ ሰሞን የእርስዎ ጤንነት ሁላችንንም ያሳስበናል፤ እርስዎ ደኅና ሆነው ስድስት ወር የፈጀ ጉዳይ፣ አያድርገውና ቢታመሙ ስንት ሊፈጅ እንደሚችል ማሰቡ ራሱ ያስፈራል። ስለዚህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ የምመኘውም ከልቤ ነው።

እኔ ሪድዋና ሙስጠፋ ነኝ። በቢሮዎ ደጃፍ ካለው አግዳሚ ወንበር በስተግራው ጫፍ ከነሐሴ ወር ጀምሮ የምቀመጠው ሴት ነኝ፤ ሁልጊዜ ስልክ እያነጋገሩ ስለሚያልፉ ምናልባት አላስተዋሉኝ ይሆናል። ከዚህ ቀደም አምስት ደብዳቤ በታሸገ ፖስታ ጽፌልዎ ነበር። ለአንዱም መልስ ባላገኝ ጊዜ፣ ያስቸገረዎት ፖስታውን መክፈቱ ይሆናል ብዬ ይህኛውን ለአንባቢ ሁሉ ከፍቼ አቅርቤልዎታለሁ።

አብረውን ለሚያነቡት ወገኖች ነገሩን ላስረዳ። የዶክትሬት ተማሪ ነኝ። የማጠናው ከባሮ የሚወጣው ዓሣ ከመረብ ተነሥቶ ገበያ እስኪደርስ ምን ያህሉ እንደሚበላሽ፣ የሚበላሸውንስ በምን ዘዴ ማዳን እንደሚቻል ነው። ወንዙ ሲሞላና ሲጎድል ዓሣውም ሙቀቱም መንገዱም ስለሚለያይ ጥናቱ ሁለት ዓመት፣ ማለትም አራት ወቅት ይፈልጋል። ሦስቱን ጨርሻለሁ። አራተኛውና የመጨረሻው ባሮ የሚጎድልበት ይኸው ያለንበት ወቅት ነው፤ መጋቢት ሲያልቅ ያልቃል፣ የተፈቀደልኝ የትምህርት ዘመንም ሰኔ ሠላሳ ይዘጋል። ይህ ወቅት ካመለጠኝ ሦስቱም ወቅቶች አብረው ያመልጡኛል። ወንዝ ደግሞ እንደ መሥሪያ ቤት አይደለም፤ ለማንም ብሎ አይቆይም፣ ያለፈን ቀን ወደ ኋላ ቆጥሮ አይፈርምም።

ይህን ሁሉ ስሠራ የቆየሁት በምርምር ረዳትነት ነው። ረዳትነት ሥራ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን በላቦራቶሪ አሠራለሁ፣ የአማካሪዬን ናሙናዎች እመረምራለሁ፣ የፈተና ወረቀት አርማለሁ፤ በምላሹ የወር አበል፣ የላቦራቶሪ ቁልፍና የጀልባ ነዳጅ ይሰጠኛል። ረዳትነቱ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ በአንዲት ደብዳቤ ይታደሳል፤ ሁለት ጊዜም ያለ እንከን ታድሷል። የእርስዎ ውለታ የጀመረው በሦስተኛው ነው። ውለታዎን አንድ በአንድ ቆጥሬ ካላመሰገንኩ ደግሞ ውለታ ቢስ መባሌ አይቀርም።

አንደኛ፣ ስላወጡልኝ አዲስ ስም አመሰግናለሁ። ሐምሌ 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቢሮዎ የወጣው ደብዳቤ «የምርምር ረዳትነቷ ይታደስላት» ማለት ሲገባው «የምርምር እርዳታዋ ይታደስላት» ብሎ ወጣ። ፊርማዎ ከሥሩ አለ፤ ማኅተሙም ደምቆ ይታያል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የመልአክ ስም በያዙት በእርስዎ እጅ ረዳት የነበርኩት ሴት በአንድ ጀምበር ተረጂ ሆንኩ።

ሌላ ከተማ ቢሆን ነገሩ የጽሕፈት ግድፈት ተብሎ፣ ተስቆበት ያልፍ ነበር። ጋምቤላ ላይ ግን እርዳታ ቃል ብቻ አይደለም፤ መጋዘን አለው፣ ባለ ባንዲራ መኪና አለው፣ ቅጽ አለው፣ ሠልፍ አለው። ከከተማችን ሰው ግማሹ እርዳታ ያድላል፣ ግማሹ ለሚያድሉት ቤት ያከራያል። ስለዚህ የፋይናንስ ክፍሉ ደብዳቤዬ እንደ ደረሰው፣ ለአፍታ እንኳ ሳያመነታ፣ ከመጠለያ ጣቢያዎች የሚመጡ ችግረኛ ተማሪዎችን ወደሚደግፈው የዩኒቨርሲቲያችን ዴስክ መራው። በጥናት ዕቅዴ ውስጥ «ኩሌ» የሚል ቃል መገኘቱ የቀረችውን ጥርጣሬ ጠርጎ አስወጣት። ኩሌን የጠቀስኩት በዚያ ባለው የስደተኞች ጣቢያ ገበያ የሚሸጠውን የደረቀ ዓሣ ስለማጠና ነበር። ዴስኩ ግን ቅጽ ሰጠኝ። የመጠለያ ጣቢያ፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ድንበር ያቋረጡበት ቀን እያለ ይወርዳል። የተወለድኩት ከባሮ ድልድይ አጠገብ በአባቴ ቤት ስለሆነ እስካሁን ያቋረጥኩት ድንበር የእናቴን ማህፀን ብቻ ነው ብዬ ሞላሁ። ቅጹ «ቀኑ ይጠቀስ» ተብሎ ተመለሰልኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ጽናትዎ አመሰግናለሁ። ደብዳቤውን የጻፉት ጸሐፊዎ ወይዘሮ ናዝሬት ግድፈቱን በማግስቱ አይተው፣ ደንግጠው፣ አርመው እንደገና አትመው ጠረጴዛዎ ላይ አስቀመጡት። እኚህን ሴት ያለ ምንም ሽሙጥ አመሰግናቸዋለሁ፤ በዚያ ሕንፃ ውስጥ «ተሳስቻለሁ» የሚል ቃል የሰማሁት ከእሳቸው አንደበት ብቻ ነው። እርስዎ ግን አንዴ የፈረሙበት ደብዳቤ ቢታረም «ሳያነብ ነው እንዴ የሚፈርመው» እንደሚያሰኝ ቶሎ ገባዎት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ጉዳዩ ወደ ኮሚቴ ተመራ። ኮሚቴው በመስከረም ተቀምጦ፣ በጥቅምት ተነሥቶ፣ «ቃሉ እንዳለ ይጽና፤ አመልካቿ ለቃሉ የሚመጥን ማስረጃ ታቅርብ» ሲል በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ቃለ ጉባኤውን ሳነበው መጀመሪያ የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። ለካስ አንዲት ቃል ከምትታረም አንዲት ኢትዮጵያዊት ብትሰደድ ይቀላል!

ሦስተኛ፣ ስለ ዓሣዎቼ። ረዳት መሆኔ ስለቀረ የላቦራቶሪ ቁልፌ ተወሰደ። በማቀዝቀዣው ውስጥ በውኃ ሙላቱ ወቅት የሰበሰብኳቸው አርባ ሦስት ናሙናዎች ነበሩ፤ አምባዛና ቆሮሶ፣ በእያንዳንዱ ላይ ቀኑና ሰዓቱ ተለጥፎ፣ ገሚሱም ሆን ተብሎ ከተበላሸ በኋላ የተቀመጠ፤ የማጠናው መበላሸቱን ነዋ! ሦስት አባላት ያሉት አስወጋጅ ቡድን ገብቶ «ጊዜው ያለፈበት የእርዳታ ምግብ» ብሎ መዝግቦ ከግቢው በስተጀርባ ቀበራቸው። የመዝገቡ ቅጂ እጄ ላይ ነው፤ «ዓሣው ተበላሽቶ ተገኝቷል» ይላል። ዩኒቨርሲቲው በጥናቴ ላይ እስካሁን የሰጠው ብቸኛ ሳይንሳዊ አስተያየት ይህ ሲሆን፣ ትክክል መሆኑን መመስከር አለብኝ። የልኬቱን ደብተር ቤቴ ባላስቀምጠው ኖሮ የሦስተኛው ወቅት ሥራዬ ከዓሣው ጋር አፈር ይለብስ ነበር።

አራተኛው ላይ ስደርስ እጄ ይከብደኛል። ቢሆንም ስለተጀመረ ልጨርሰው።

አባቴ አቶ ሙስጠፋ ከወሎ መጥተው ጋምቤላ ገበያ ላይ መረብ፣ መንጠቆ፣ ገመድና ጨው መሸጥ ከጀመሩ አርባ አንድ ዓመት ሆናቸው። ዓሣ አጥማጅ እጅ ሲያጥረው መረብ በዱቤ ይሰጣሉ፤ ዘካቸውን ሳያጓድሉ ያወጣሉ፤ እሳቸው ግን ከሰው እጅ ተቀብለው አያውቁም። ያን ደብዳቤ ባሳየኋቸው ቀን መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ «እርዳታ» በሚለው ላይ ጣታቸውን አሳርፈው «ይሄ እኛን አይልም» አሉ። በጥቅምት መጨረሻ አንድ ቀን፣ ለእኔ ሳይነግሩኝ፣ ሱቃቸውን ዘግተው፣ ለዒድ የሚለብሱትን ኮት ለብሰው ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄዱ። የሄዱት ለእርስዎ «ልጄ ተረጂ አይደለችም፣ ሠርታ ነው የምትበላው» ሊሉ ነበር።

ጥበቃው ምን ፈልገው እንደመጡ ሲጠይቃቸው፣ የልጃቸው የእርዳታ ደብዳቤ ጉዳይ መሆኑን ነገሩት። እሱም ሰውን ማገልገል የሚወድ ልጅ ነውና እጃቸውን ይዞ ወስዶ ዴስኩ ፊት ለፊት ያለው ሠልፍ ላይ አቆማቸው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆሙ። ተራቸው ደርሶ ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ሠራተኛው የልጃቸውን ስም ጠየቀ፣ ከመዝገቡ አገኘው፣ «እዚች ጋ ይፈርሙ አባባ» አላቸው። ቅሬታቸው የተመዘገበላቸው መስሏቸው ፈረሙ። ከዚያ አንድ ብርድ ልብስ አስታቅፎ ሸኛቸው።

ጥላ ሥር ተቀምጦ እንኳ በሚያልብበት ቀን፣ አባቴ ኮታቸውን እንደለበሱ ብርድ ልብስ ታቅፈው፣ አርባ አንድ ዓመት የሚያውቃቸው ሰው ሁሉ እያየ፣ ገበያውን አቋርጠው ቤት ገቡ። እኔም ለምን ተቀበሉ ብዬ ጮኽኩባቸው። በዚህ ሁሉ ጉዳይ ውስጥ እኔ የሠራሁት ጥፋት ይህ ነው፤ እስከ ዛሬም ይቆረቁረኛል። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የመንግሥት ሰው የሰጠኝን ፊቱ ላይ እንዴት እወረውረዋለሁ ልጄ» አሉኝ። ይህን ስጽፍልዎ፣ ክቡር ዲን፣ እጅግ አድርጌ ተናድጄብዎታለሁ፤ ትሕትናዬ የደብዳቤ ወግ መሆኑን እንዲረዱልኝ ነው።

አምስተኛ። ኅዳር 9 ቀን በእርስዎ ፊርማ በተጻፈልኝ ደብዳቤ፣ ቤተሰቤ እርዳታ መቀበሉ «በአባትዋ ፊርማ ስለተረጋገጠ»፣ በሌላ በኩል ድጋፍ የሚያገኝ ተማሪም የምርምር ረዳት መሆን ስለማይችል፣ የምርምር ረዳትነቴ ለዘንድሮ መሰረዙ ተገለጸልኝ። በዚህኛው ደብዳቤ ላይ «ረዳትነት» የሚለው ቃል አራት ጊዜ የተጻፈ ሲሆን አንድም ቦታ ላይ አልተሳሳተም።

ስድስተኛ፣ በሳምንቱ ደግሞ «የዶክትሬት ተማሪዎች ለምርምር ረዳትነት እንድታመለክቱ ተጋብዛችኋል» የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ ተለጠፈ። እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳት አንድ ነገር ልበል። መረዳት ነውር አይደለም። ኩሌ ገበያ ላይ የደረቀ ዓሣ የምትሸጠው ኛዳክ አንዱን ልጇን አዝላ አንዱን አስከትላ ድንበር የተሻገረች ሴት ናት። የተሰጣት ሁሉ ይገባታል፤ እንዲያውም ያንሳታል። አባቴ እጅ ላይ የቀረው ብርድ ልብስም እንደ እሷ ካለች እናት ተወልዶ፣ ከጣቢያ መጥቶ ማደሪያ ክፍል ውስጥ ሲሚንቶ ላይ ለሚተኛ አንድ ተማሪ የታሰበ ነበር፤ የእርስዎ ጽናት ከእሱም ነጥቋል። ታሪኬን ስነግራት ኛዳክ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ከዚያ «እኛ ጦርነት አባረረ። አንቺ ማን አባረረ?» አለችኝ። በሚቀጥለው ስሄድ ስምዎንና ሙሉ ማዕረግዎን ጽፌ ልወስድላት አስቤያለሁ።

ሥራው እንዳልቆመም ልንገርዎ። ሦስቱንም ወቅት በጀልባው ያመላለሰኝ ዓሣ አጥማጅ ኦፒው ይባላል። ነዳጅ የለም፣ ደብዳቤም የለም ብዬ ወንዙ ዳር ቆሜ ሳስረዳው ሞተሩን ነቅሎ አሸዋው ላይ አስቀመጠ፤ መቅዘፊያውን አነሣና «ደብዳቤ ዓሣ አይዝም። ነይ ግቢ» አለኝ። ይኸው አሥራ ሁለት ቀን ጠዋት ጠዋት እየቀዘፈ ይወስደኛል፤ ዓሣውን በአባቴ የጨው ሚዛን እመዝናለሁ። ነገር ግን ክብደት መመዘን የጥናቱ ግማሽ እንኳ አይሆንም። የመበላሸቱ ልክ የሚታወቀው በላቦራቶሪ ነው፤ ላቦራቶሪው ደግሞ ተቆልፎብኛል። የያዝኩትን ናሙና ከቀትር በፊት ካልመረመርኩት ይሸታል፤ ሲሸት እጥለዋለሁ። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ በገዛ እጄ መረጃዬን ወደ ወንዙ ስወረውር ከርሜያለሁ። አማካሪዬን ጠየቅኳቸው፤ «ከዲኑ ጋር አታጣዪኝ» አሉኝ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

እንግዲህ ምን ፈልገሽ ነው ይሉኝ ይሆናል። ቁልፌን እፈልጋለሁ። ይህን ሳምንት ቢመለስልኝ ቀሪዎቹ ቀናት ለጥናቱ ይበቃሉ፤ አስልቼዋለሁ፤ ከጥር ካለፈ ግን አይበቁም። አበሉ ይቅርብኝ። ነዳጁም ይቅር፣ ኦፒው ክንድ አለው።

ከቁልፉ በፊት ግን የምለምንዎት ሌላ ነገር አለ። አባቴ የኅዳሩን ደብዳቤ አንብበውታል። «በአባትዋ ፊርማ» የሚለውን አይተውታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ በምንም ነገር ላይ አይፈርሙም። ጨው የሚያመጣው ነጋዴ ደረሰኝ ሲዘረጋላቸው ወንድሜን ሁዘይፋን ይጠሩታል። ለምን ሲባሉ «የእኔ ፊርማ የልጄን ትምህርት አፍርሷል» ይላሉ። ጥፋቱ የእሳቸው እንዳልሆነ ብነግራቸው፣ ብምልላቸው፣ ቃለ ጉባኤውን ባነብላቸው አልሰማ አሉኝ። የሚያምኑት የመንግሥትን ሰው ነው።

ስለዚህ፣ ክቡር ዲን፣ ሱቃቸው ከገበያው መግቢያ በስተቀኝ ሁለተኛው ነው፤ መረቡ ደጃፉ ላይ ተሰቅሏል፣ አይጠፋዎትም። ይምጡና «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እርስዎ ምንም አላጠፉም» ይበሏቸው። ሁለታችሁም ሳታነቡ ፈርማችኋል። እሳቸው እንቅልፍ አጡ፣ እርስዎ ኮሚቴ አቋቋሙ። እሳቸው ፊርማቸውን እርግፍ አድርገው ተዉ፤ እርስዎ በዚያው ብዕር እንደ ወትሮው እየፈረሙ ነው። ለመምጣት ኮት አያስፈልግም። ሠልፍም የለውም። ምንም ነገር ላይ አያስፈርሙዎትም።

ለማኅተምዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለኮሚቴዎ ምልዓተ ጉባኤ፣ ለመነጽርዎም ሥራ እየተመኘሁ፣ ከማያልቀው አክብሮቴ ጋር እጅ እነሣለሁ።

ሪድዋና ሙስጠፋ
በወንዙ ዘንድ ተመራማሪ፣ በመዝገብዎ ዘንድ ተረጂ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ናዝሬት፣ ከምስጋና ጋር
ለዓሣ አጥማጅ ኦፒው፣ ጀልባው ላይ አነብለታለሁ
ለአስወጋጅ ቡድኑ፣ እንዳይቀብሩት አደራ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የጎደለኝን ትዕግሥት ከየት እንደማመጣ ለመማር ብዬ የእርስዎን የዶክትሬት ጽሑፍ ከቤተ መጻሕፍታችን ተውሼ አነበብኩት፤ በመዋሻ ካርዱ ላይ ከእኔ በፊት የተመዘገበ ሰው አላየሁም። በምስጋናው ገጽ ላይ፣ ውጭ አገር የተማሩበት ዩኒቨርሲቲ ለአራት ዓመት ሳያቋርጥ የምርምር ረዳት አድርጎ ስላሠራዎት አመስግነው፣ «ይህ ባይሆን ኖሮ ትምህርቴን አቋርጬ ወደ አገሬ በተመለስኩ ነበር» ብለዋል። እኔ ያለሁት አገሬ ላይ ነው፤ ባቋርጥ የምመለስበት ሌላ የለኝም።